ጊዜን አራተኛ ያሰኘው የትኛው ሒሳብ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ላኪዎቻቸው የተመካከሩ ይመስል፣ ስለ ጊዜ የሚጠይቁ ሆነው ተገኙ። የአንዱ መልስ የሌላውን ስለሚያቀል፣ በደረሱበት ተራ ሳይሆን ለማብራራት በሚያመች ተራ አስቀምጠናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ልጄ «ጊዜ አንጻራዊ ነው» የሚለውን የአይንስታይን ሐሳብ በትምህርት ቤት ተምራ መጣችና፣ «ታዲያ የኢትዮጵያ ዘመን በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረው፣ ሰዓቱም በስድስት ሰዓት የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት፤ ለምን እንዳልሆነ ማስረዳት ግን አቃተኝ።

መልስ፦ የመለሱላት ትክክል ነው። የእኛ አቆጣጠርና ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የሚለያዩት «አንድ» ብለው በጀመሩበት ነጥብ ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ እኛ የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምረን ስንቆጥር ፈረንጆቹ ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ይቆጥራሉ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ቀን 6 ሰዓት ላይ የገባ አውቶቡስ በፈረንጁ ሰዓት ከ6 እስከ 12 ተጓዘ ይባላል፤ በየትኛውም አቆጣጠር ግን ጉዞው የፈጀው 6 ሰዓት ነው። አንዱን ጎዳና ሁለት ሰዎች ቢለኩት፣ አንደኛው ከላይኛው ጫፍ፣ ሌላው ከመካከሉ ዜሮ ብለው ቢጀምሩ፣ እያንዳንዱ ቤት የሚያገኘው ቁጥር ይለያያል እንጂ ከቤት ቤት ያለው ርቀት አይለወጥም። በእርግጥ በዓመቱ ርዝመት ላይም ጥቂት ልዩነት አለ፤ የእኛ ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ ሳታቋርጥ 6 ቀን ትሆናለች፣ ጎርጎርዮሳዊው ግን ጭማሪዋን ቀን በየ400 ዓመቱ 3 ጊዜ ይዘላታል። ይህም ቢሆን የአቆጣጠር ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

አይንስታይን በ1905 ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ የጠለቀ ነው። በእርሱ ንድፈ ሐሳብ የሚለያየው የመነሻው ቁጥር ሳይሆን ቆይታው ራሱ ነው። ያው አውቶቡስ እጅግ ፈጥኖ መጓዝ ቢችል ኖሮ፣ ተሳፋሪው በእጁ ባሰረው ሰዓት የሚቆጥረው ጊዜ፣ በመነሻውና በመድረሻው መናኸሪያ ያሉት እርስ በርስ የተስተካከሉ ሰዓቶች ከሚቆጥሩት ያንስ ነበር። ለምን እንደሚያንስ ከሚቀጥለው መልስ ይረዱታል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ሦስቱ አውታረ መጠኖች እንደሆኑ፣ ጊዜ ደግሞ አራተኛው አውታረ መጠን ወይም ዳይሜንሽን እንደሆነ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ሦስቱ በሜትር ይለካሉ፣ ጊዜ በሰከንድ ይለካል፤ ጤፍ በኩንታል፣ ዘይት በሊትር ለክቶ አንድ ላይ እንደ መደመር አይሆንም ወይ?» አለኝ። አንዲት ተማሪ ደግሞ ቀጥላ፣ «አውታረ መጠን ከሆነ ለምን ወደ ኋላ አንመለስበትም?» አለች። ሁለቱንም የሚያረካ መልስ አልነበረኝም።

መልስ፦ ሁለቱም ተማሪዎች ነገሩን ከሥሩ ነው የያዙት፤ ስለዚህ እኛም ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

በቅድሚያ «አራተኛ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ እንደማይናገር መቀበል ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች ለመገናኘት ሲቀጣጠሩ መንገዱን፣ ሕንፃውንና ፎቁን ቢነጋገሩም ሰዓቱን ካልተነጋገሩ አይገናኙም። በዚህ አነጋገር አንድን ኩነት ለይቶ ለማመልከት አራት ቁጥሮች እንደሚያስፈልጉ ከአይንስታይን በፊትም ይታወቅ ነበር፤ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር በ1754 በታተመ የኢንሳይክሎፒዲያ ጽሑፉ ጊዜን እንደ አራተኛ አውታረ መጠን መመልከት እንደሚቻል ጠቅሷል፣ ላግራንዥም በ1797 የእንቅስቃሴን ጥናት የአራት አውታረ መጠኖች ጂኦሜትሪ ብሎታል። ነገር ግን ቁጥር መጨመር ብቻውን አውታረ መጠን የሚያሰኝ ቢሆን ኖሮ፣ በእያንዳንዱ ስፍራ ያለው የአየር ሙቀትም አምስተኛ፣ እርጥበቱም ስድስተኛ ይባሉ ነበር። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የቀጠሮውን ምሳሌ ሰጥተው እዚያው ያቆማሉ፤ በበኩሌ ተማሪዎችን የሚያደናግረው ይህ ይመስለኛል።

ርዝመትና ስፋት የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው የምንለው አንዱ ወደ ሌላው ስለሚዞር ነው። ሁለት የመሬት ቀያሾች ከአንድ ነጥብ ተነሥተው አንድን ዋርካ ቢለኩ፣ በሰሜንና በምሥራቅ አቅጣጫ የሚለካው ቀያሽ ዋርካው 3 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 4 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ነው ሊል ይችላል። መሣሪያውን በቀጥታ ወደ ዋርካው ያዞረው ሁለተኛው ቀያሽ ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ይላል። ቁጥሮቻቸው ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ሆኖም እያንዳንዳቸው ሁለቱን ቁጥሮች በየራሳቸው አባዝተው ቢደምሩ፣ የአንደኛው 9 ሲደመር 16፣ የሁለተኛው 25 ሲደመር ዜሮ፣ ሁለቱም 25 ያገኛሉ። ይህ ተማሪዎችዎ የሚያውቁት የፓይታጎረስ ሕግ ነው። ምሥራቅና ሰሜን የለኪው ምርጫ ሲሆኑ፣ ርቀቱ ግን የመሬቱ የራሱ ነው። የአየር ሙቀትን በዚህ ዓይነት ወደ ስፋት ማዞር አይቻልም፤ ስለዚህ አውታረ መጠን አይደለም። እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ ጊዜን ወደ ርዝመት ማዞር ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ነው። በ1687 በቀረበው የኒውተን ሥርዓት አይቻልም ነበር፤ ጊዜ ለሁሉም ሰው በእኩል የሚነጉድ፣ ቦታን የማይነካ ነገር ነበር። ከ1905 ወዲህ ግን እንደሚቻል ታውቋል።

የመጀመሪያው ተማሪ የመለኪያ ጥያቄ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። በገጠር መንገድ ሲጠየቅ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው»፣ «የሁለት ቀን መንገድ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ርቀት በጊዜ ሲለካ ማንም አይገረምም፤ ችግሩ የሽማግሌው ግማሽ ቀንና የጎረምሳው ግማሽ ቀን እኩል አለመሆናቸው ብቻ ነው። ብርሃን ግን ማንም ቢለካው፣ ለኪው ቆሞም ይሁን እየሮጠ፣ በባዶ ህዋ ውስጥ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር የሚጓዝ መንገደኛ ነው። ጊዜን በዚህ ቁጥር ስናባዛው ርዝመት ይሆናል፤ አንድ ሰከንድ ማለት ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ነው ማለት ነው። ጤፍንና ዘይትን የሚያገናኝ እንዲህ ያለ ለሁሉም አንድ የሆነ ምንዛሪ የለም። ተማሪው የሚገርመው ነገር ቢኖር፣ ከ1983 ጀምሮ ሜትር ራሱ በሕግ የተበየነው ብርሃን በ299,792,458ኛው የሰከንድ ክፍልፋይ የሚሄደው ርቀት ተብሎ መሆኑ ነው። ሰከንድ በበኩሉ ከ1967 ጀምሮ የሲዚየም 133 አቶም በሚያመነጨው ጨረር 9,192,631,770 ውዝዋዜ ተበይኗል። ሜትር ከሰከንድ ተወለደ ማለት እንችላለን።

አሁን ቀያሾቹን ወደ ከዋክብት እንላካቸው። ከምድር 3 የብርሃን ዓመት፣ ማለትም ብርሃን በ3 ዓመት የሚጓዘውን ያህል፣ የሚርቅ ኮከብ አለ እንበል፤ አንድ መንኮራኩር በብርሃን ፍጥነት ስድስት ዐሥረኛ ተጉዞ በ5 ዓመት ይደርስበታል። በምድር ላለው ሰው በመነሣትና በመድረስ መካከል 5 ዓመት ጊዜና 3 የብርሃን ዓመት ቦታ አለ። ለተሳፋሪው ግን መነሣቱም መድረሱም እርሱ በተቀመጠበት ወንበር ላይ የሆኑ ነገሮች ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ቦታ ዜሮ ነው። የቀረው ጊዜ ስንት ይሆናል? እንደ ቀያሾቹ የምንደምር ቢሆን ኖሮ 25 ሲደመር 9፣ 34 ይሆን ነበር። ተፈጥሮ ግን እዚህ ላይ የምትጠቀመው መደመርን ሳይሆን መቀነስን ነው፦ 25 ሲቀነስ 9፣ 16 ይሆናል፤ በራሱ ተባዝቶ 16 የሚሰጠው 4 ነው። የተሳፋሪው ሰዓት የሚቆጥረው 4 ዓመት ነው። ወዲያው ተመልሶ በዚያው ፍጥነት ቢመጣ ምድር ላይ የቀረችው መንትያ እኅቱ 10 ዓመት ስትጨምር እርሱ 8 ዓመት ብቻ ይጨምራል።

ይህን ነገር በጂኦሜትሪ ቋንቋ ያስቀመጠው አይንስታይን ሳይሆን፣ ዙሪክ ውስጥ ሒሳብ ያስተማረው ኸርማን ሚንኮቭስኪ ነው። መስከረም 21 ቀን 1908 ኮሎኝ ከተማ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ከእንግዲህ ቦታ ለብቻው፣ ጊዜም ለብቻው ወደ ጥላነት እንደሚደበዝዙና የሁለቱ ውሕደት ብቻ ራሱን ችሎ እንደሚቆም ተናገረ። አይንስታይን በመጀመሪያ ይህን እንደ ትርፍ የሒሳብ ሊቅነት ቆጥሮት ነበር፤ ቆይቶ ግን በ1915 ያጠናቀቀው የስበት ንድፈ ሐሳብ በዚሁ መሠረት ላይ ቆመ። ሚንኮቭስኪ ያንን ለማየት አልታደለም፤ ንግግሩን ካደረገ አራት ወር ሳይሞላ በ44 ዓመቱ በትርፍ አንጀት ሕመም ሞተ።

ተማሪዎቹ «ማን አየ?» ቢሉ ሙዮንን ይንገሯቸው። ከህዋ የሚመጡ ጨረሮች በግምት 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከአየር ጋር ሲጋጩ ሙዮን የተባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። የእነዚህ አማካይ ዕድሜ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት ጊዜ ትንሽ የሚበልጥ ነው። በዚህ ዕድሜ፣ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ቢሮጡ እንኳ፣ ከ660 ሜትር ብዙም ሳይርቁ አብዛኞቹ ማለቅ ነበረባቸው። ነገር ግን ምድር ላይ እንደ ልብ ይደርሳሉ፤ ይህ ደብዳቤ በሚነበብበት ቅጽበት በአንባቢው ሰውነት ውስጥ የሚያልፉ አሉ። በእኛ ሰዓት ረጅም የሆነው ጉዞ በእነርሱ ሰዓት አጭር ነውና።

ከመቀነስ ምልክቱ የሚከተለው ሌላው ነገር የተማሪዋን ጥያቄ ይመልሳል። በመሬት ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መንገድ ቀጥታው ነው፤ በጊዜ ግን ተቃራኒው ነው፤ ዞሮ የሚመጣው ተጓዥ ጥቂት ዓመት ይቆጥራል፣ በቀጥታ የኖረው ብዙ ዓመት ይቆጥራል። ከዚህም በላይ ቀያሽ መሣሪያውን ሙሉ ክብ ማዞርና ጀርባውን ለሰሜን መስጠት ይችላል፤ መደመር ባለበት ጂኦሜትሪ የሚከለክለው የለም። መቀነስ ባለበት ጂኦሜትሪ ግን ፍጥነትን መጨመር ማለት መዞር ሲሆን፣ መዞሩ የብርሃንን መሥመር፣ ማለትም የብርሃንን ፍጥነት፣ እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ መቼም አይሻገረውም። ከወደ ፊት ወደ ኋላ ለመዞር ያንን መሥመር ማለፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለተማሪዋ «ጊዜ አውታረ መጠን ነው፣ ነገር ግን አጥር ያለው አውታረ መጠን ነው» ብለው ይመልሱላት፤ አጥሩም ብርሃን ነው።

አጥሩ ኩነቶችን በሁለት ይከፍላቸዋል። ብርሃን ወይም ከብርሃን የዘገየ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ሊደርስ የሚችል ከሆነ፣ የትኛው እንደሚቀድም ተመልካቾች ሁሉ ይስማማሉ፤ አባት ከልጁ በኋላ ተወለደ የሚል ተመልካች አይኖርም። ሊደርስ የማይችል ከሆነ ግን ቅደም ተከተላቸው እንደ ለኪው ይለያያል። ብርሃን ከፀሐይ ወደ ምድር 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ እዚህ ከምንኖርበት ቅጽበት በፊትና በኋላ ባለው በዚያ መጠን ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚሆነውን ነገር «አሁን» ነው፣ «አልፏል» ወይም «ገና ነው» ማለት የተመልካች ምርጫ ነው። ለሁሉም የጋራ የሆነ «አሁን» የለም።

አንድ ነገር ግን ልንደብቅ አይገባም። የመቀነስ ምልክቱ ወደ ኋላ መዞርን ይከለክላል እንጂ፣ ከሁለቱ አቅጣጫዎች የትኛው «ወደ ፊት» እንደሆነ አይናገርም። የሚከተለው ደብዳቤ ስለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ ቀመሮች ጊዜን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ብናስኬደው እኩል ይሠራሉ ሲባል አንብቤአለሁ። እውነት ከሆነ የፈሰሰ ውኃ የማይታፈሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከጥቂት የንዑሳን ቅንጣቶች ሂደቶች በስተቀር ያነበቡት እውነት ነው። አንዲት የውኃ ሞለኪውል ከሌላዋ ጋር ስትጋጭ በፊልም ቀርጸን ወደ ኋላ ብናጫውተው ማንም አይለየውም። እንስራ ተሰብሮ ውኃው ሲፈስ የተቀረጸውን ወደ ኋላ ብናጫውተው ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ይስቃል።

ልዩነቱን ያስረዳው በ1906 የሞተው ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ቦልትዝማን ነው። ውኃው እንስራው ውስጥ ሆኖ ሊደረደር የሚችልባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም፣ ወለል ላይ ተበትኖ፣ ወደ አፈር ሰርጎና ተንኖ ሊደረደር ከሚችልባቸው መንገዶች አንጻር ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም። ሞለኪውሎቹ አቅጣጫ መርጠው አይደለም የሚሄዱት፤ ካሉበት ጥቂት አደራደር ወደ ብዙው አደራደር መግባታቸው የግድ ያህል ስለሆነ ነው። ይህ የአደራደሮች ብዛት መለኪያ ኢንትሮፒ ይባላል፤ ቀመሩም ቪየና ውስጥ በሚገኘው በቦልትዝማን መቃብር ላይ ተቀርጿል። እንግዲህ የፈሰሰ ውኃ መታፈስ በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ ዩኒቨርስ እስካሁን በኖረበት 13.8 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ይሆናል ተብሎ የማይጠበቅ እንጂ።

ነገር ግን ይህ ማብራሪያ አንድ ዕዳ ይዞ ይመጣል። ነገ ከዛሬ የተበተነ የሚሆነው ዛሬ ከነገ የተሰበሰበ ስለሆነ ነው፤ ዛሬ የተሰበሰበው ትናንት ይበልጥ ተሰብስቦ ስለነበረ ነው፤ እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ስንሄድ ዩኒቨርስ ሲጀምር እጅግ ዝቅተኛ ኢንትሮፒ ነበረው እንላለን። ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደጀመረ የፊዚክስ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በዚህ ቦታ ብዙ ጸሐፊዎች የሚጠቅሱት አይንስታይን መጋቢት 1955 ለሟች ወዳጁ ለሚሼሌ ቤሶ ቤተሰብ የጻፈውን ደብዳቤ ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለፈው፣ ያለውና የሚመጣው መለያየታቸው የማይለቅ ቅዠት እንደሆነ ይናገራል። ይህ ግን የሐዘን ደብዳቤ ነው፤ ጻፊው ራሱም ከአንድ ወር በኋላ አረፈ። እንደ ፊዚክስ ማስረጃ መጥቀሱ ለደብዳቤውም ለፊዚክስም አይበጅም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል የምመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ከፍ ባለ ቦታ ሰዓት ይፈጥናል፣ ዝቅ ባለ ቦታ ይዘገያል ይባላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጥኳት የባትሪ ሰዓት ጅቡቲ ጥቂት ቀን ቆይቼ ስመለስ ሁልጊዜ በጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርታ አገኛታለሁ። ምክንያቱ ይኸው ነው?

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው፤ የሰዓትዎም አቅጣጫ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ይገጥማል። ስበት ጊዜን ያዘገያል፤ ወደ ምድር መሀል በቀረቡ መጠን ሰዓት ቀስ ይላል። በ2010 አሜሪካ ውስጥ አንዱን አቶሚክ ሰዓት ከሌላው በ33 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ክንድ እንኳ በማትሞላ ከፍታ፣ ከፍ በማድረግ ብቻ ልዩነቱ ተለክቷል። ቀደም ሲል በ1971 ጆሴፍ ሄፍሊና ሪቻርድ ኪቲንግ የተባሉ ተመራማሪዎች አቶሚክ ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን ጭነው ዓለምን ዞረው ነበር፤ ወደ ምሥራቅ የበረሩት ሰዓቶች 59 ናኖ ሰከንድ ሲዘገዩ ወደ ምዕራብ የበረሩት 273 ናኖ ሰከንድ ቀደሙ። ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። የበረራው አቅጣጫ ልዩነት ያመጣው ምድር ራሷ ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ነው።

መኪናዎ ጂ.ፒ.ኤስ. ካለው ይህን ፊዚክስ በየቀኑ እየተጠቀሙበት ነው። ሳተላይቶቹ በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ስለሚዞሩ ሰዓታቸው በስበት መላላት በቀን 45 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጥናል፣ በራሳቸው ፍጥነት ደግሞ 7 ያህል ይዘገያል፤ የሚቀረው የ38 ማይክሮ ሰከንድ ልዩነት ባይታረም ብርሃን በዚያ ጊዜ የሚሄደው ርቀት በቀን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ስሕተት ይሆን ነበር።

ወደ እርስዎ መስመር ስንመለስ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ናት። ስሌቱን ስንሠራ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰዓት ጅቡቲ ከተቀመጠው በዓመት 8 ማይክሮ ሰከንድ፣ በቀን ደግሞ 22 ናኖ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። አንድ ሙሉ ሰከንድ ለመቅደም ከ120,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የመኪናው ፍጥነት በሄዱበትና በተመለሱበት ጉዞ የሚያመጣው ለውጥ ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ሰዓትዎን ያዘገያት የአይንስታይን ስበት ሳይሆን የጅቡቲ ሙቀት ሳይሆን አይቀርም። በባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ቁራጭ አስተካክላ እንድትወዛወዝ ተደርጋ የምትሠራው ለ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ውዝዋዜዋ ይዘገያል። በ40 ዲግሪ ላይ መዘግየቱ በቀን ከግማሽ ሰከንድ ያልፋል፣ ፀሐይ በሚመታው ዳሽቦርድ ላይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሰዓቷን ከዳሽቦርዱ አንሥተው በእጅዎ ቢያስሯት፣ ሰውነትዎ ሙቀቷን ስለሚያመጣጥንላት ከአሁኑ በጣም የተሻለ ትቆጥርልዎታለች።